ፉጨቱን ብቻ አትስጡን

የጄኔቭን ጉዳይ በመድረክ ያየ ሰው ሁሉ ያየው አንድ ትዕይንት ነው። ጃንሆይ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር መድረክ ላይ ካባቸውን ደርበው ይወጣሉ። የጣሊያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው ያፏጫሉ። ጃንሆይ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ከዚያ በአማርኛ ይናገራሉ። ጭብጨባ። መጋረጃ። ደረታችንን ነፍተን ወደየቤታችን።

በትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ይኸው። በዓድዋ ዝግጅት ይኸው። በቴሌቪዥን የበዓል ፕሮግራም ይኸው። በቃኝ! ሙግቱ የት ገባ? ሙግት ሁለት ወገን አለው። እኛ አንዱን ወገን አፉን ለጉመን ፉጨት ብቻ አስያዝነው። ለፉጨት መልስ መስጠት ምን ይከብዳል? ያፏጨን ሰው ለመርታት ዝም ማለትም ይበቃል።

የምለው አጭር ነው። ጣሊያን ይናገር። የጣሊያን ተወካይ ባሮን ፖምፔዮ አሎይዚ መድረክ ላይ ይውጣ። ነሐሴ 29 ቀን 1927 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት ፊት ያቀረበውን ክስ ከመነሻው እስከ መድረሻው ያሰማ። ሳይቆረጥ። ሳይለዝብ። እየጮኸና እየተንቀጠቀጠ እንደሚያስቀን ባለጌ ሳይሆን፣ እንደ ጨዋ ዲፕሎማት፣ በለሰለሰ ድምፅ። እኛም ወንበራችን ላይ እየተቁነጠነጥን እንስማው።

ገና ይኼን ሲያነብ ደሙ የሚፈላ አለ፤ አውቃለሁ። "ለፋሺስት መድረክ ይሰጠው ነው የምትለው?" አዎ። ስጡት። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ለብዙዎቻችሁ ግን አዲስ ነገር አይሆንባችሁም። በሆዳችሁ ያለ ነው። አፍ አውጥቶ የሚለው ነው የጠፋው።

ክሱ ምን ይላል? ዳጎስ ያለ ሰነድ ነው፤ ፎቶግራፍ ሁሉ ተያይዞበታል። ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ኢትዮጵያ አረመኔ አገር ናት። ባሪያ ትፈነግላለች፣ ባሪያ ትሸጣለች። ወደ ማኅበሩ ስትገባ የገባችውን ቃል አልጠበቀችም። ስለዚህ ከሠለጠኑ አገሮች እኩል የመቀመጥ መብት የላትም። በማግስቱ የኢትዮጵያ ጠበቃ፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ጋስቶን ዤዝ፣ መልስ ሊሰጥ ሲነሳ አሎይዚ ወንበሩን ትቶ ወጣ። ከከሰሰው አገር ጋር አንድ ጠረጴዛ መክበብ ክብሩን የሚነካ ሆነበት። ከሶ የሚወጣ ከሳሽ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኼ ትዕይንት ከፉጨቱ አያንስም፤ ይበልጣል እንጂ። ፉጨቱ የጋዜጠኞች ብልግና ነው ተብሎ ይታለፋል። ይኼኛው የመንግሥት አቋም ነው። የዘር ንቀት ሱፍ ለብሶ፣ ጎንበስ ቀና ብሎ፣ ይቅርታ ጠይቆ የሚወጣበት ዓይነት። አደገኛው ደግሞ ሁልጊዜም እሱ ነው።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ኢትዮጵያን ወክለው የተቀመጡት ማን ነበሩ? ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም። በልጅነታቸው ዓድዋን ያዩ፣ ሩሲያ ተወስደው መድፈኛነት ተምረው የተመለሱ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው። ከዚያ በፊትስ? ከዚያ በፊት ቴአትር ጸሐፊ ነበሩ! የአማርኛ ቴአትር ሲቆጠር ከእሳቸው ይጀመራል። በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን አሳዩ። በአውሬዎች አፍ የሹማምንቱን ጉድ ስላወጡ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትሩ ታገደ።

እንግዲህ ይታያችሁ። የቴአትራችን አባት አገራቸውን ከሰው በታች ናት ከሚል ሰው ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጠው ሲሟገቱ ውለዋል። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 1927፣ አዲስ አበባ ላይ የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለጦርነቱ ሊያነሳሳ። ያ ማኅበር ነው ዛሬ ሀገር ፍቅር ቴአትር የምንለው። ማለትም የቴአትር ሙያችን ሁለት እግሩ የቆመው እዚያ ክረምት ላይ ነው፤ አንዱ ጄኔቭ፣ አንዱ አዲስ አበባ። ታዲያ በዚህ ታሪክ ላይ የተወለደ መድረክ ሙግቱን ትቶ ፉጨቱን ብቻ ይዞ ሲቀር አያሳፍርም? እኔን ያሳፍረኛል።

"ክርክር ቴአትር አይሆንም" ይሉኛል የሙያው ሰዎች። "ድርጊት የለውም። ሰው ትኬት ከፍሎ ንግግር አይሰማም።" ይኼን የሚለኝ የበላ ልበልሃ አገር ሰው ነው! አባቶቻችን ዛፍ ሥር ቆመው፣ ኩታቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን እየወዘወዙ፣ በማር በፈረስ እየተወራረዱ ሲሟገቱ አላፊ አግዳሚው ሥራውን ጥሎ አይቆምም ነበር? ነገር ያማረለትን አያሞግስም፣ ያልቀናውን አያሳፍርም ነበር? ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ዳኛ ፍለጋ ሜዳና ገደሉን አብረው አያቋርጡም ነበር? ከዚህ በላይ ምን ድርጊት ትፈልጋላችሁ? እኔ አዘጋጅ ብሆን የማደርገውን ልንገራችሁ። አሎይዚንና ተክለ ሐዋርያትን በአንድ ነጠላ ጫፍና ጫፍ ቋጥሬ አቆማቸዋለሁ። ባሮኑ ተቆጥቶ ሊወጣ ሲነሳ ነጠላው ይዞ ያስቀረዋል። በቃ። አዳራሹ ለሳምንት ሲያወራው ይከርማል።

ፈረንጅ ካላደረገው አናምንም ካላችሁም ይኸውላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1965 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መከራከሪያ አዳራሽ ውስጥ ጥቁሩ ደራሲ ጄምስ ቦልድዊንና ነጩ ወግ አጥባቂ ዊልያም በክሊ ተሟገቱ። የሙግቱ ርእስ የአሜሪካ ሕልም የተገነባው በጥቁር አሜሪካዊው ኪሳራ ነው የሚል ነበር። ቦልድዊን 544 ለ164 ረታ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት? እ.ኤ.አ. በ2022 ኤሌቬተር ሪፔር ሰርቪስ የተባለ ቡድን ያንን ሙግት ኒው ዮርክ ፐብሊክ ቲያትር ውስጥ ቃል በቃል አቀረበው። ዋናው ነገሩ የሁለት ሰው ንግግር ነው። በክሊን አላሳጠሩትም። አልቀለዱበትም። የዘር አድልዎን በተወለወለ እንግሊዝኛ የሚከላከል ብልህ ሰው ሆኖ ቀረበ። ብልህን ሰው እንደ ብልህ ስትሰማው ምን ይመጣል? አንድ ሁለት ቦታ ላይ ሳይታወቅህ አንገትህን ነቅንቀህ ትደነግጣለህ። ቴአትሩ ያለው እዚያ ድንጋጤ ላይ ነው እንጂ ቦልድዊን መርታቱ ላይ አይደለም። መርታቱንማ ሁሉም ቀድሞ ያውቀዋል።

የእኛው ጉዳይም ቢሆን ከኛ ቀድሞ የደፈረው ነበር። ጦርነቱ ገና እየነደደ፣ ጥር 1928 ዓ.ም.፣ ኒው ዮርክ ላይ «ኢትዮጵያ» የሚባል ቴአትር ተሰናድቶ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በዚያ የችግር ዘመን ሥራ ላጡ የመድረክ ሰዎች ባቋቋመው የፌዴራል ቴአትር ፕሮጀክት ሥር፣ «ሕያው ጋዜጣ» ከተባሉት ሥራዎች የመጀመሪያው። የመሪዎቹን ንግግር፣ የጄኔቭን ውሎ እያነሳ የሚጥል። ዋሽንግተን ደነገጠች። የውጭ አገር መሪ መድረክ ላይ ተመስሎ አይቅረብ ብላ አዘዘች። ሙሶሊኒ እንዳይቀየም! የኒው ዮርኩ ኃላፊ ኤልመር ራይስ ሥራውን በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ። ቴአትሩ ለጋዜጠኞች አንድ ጊዜ ታይቶ ተቀበረ። በመጋቢት ደግሞ ለንደን ላይ ጥቁሩ ጸሐፊ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ ስለ ሄይቲው ባሪያ ነፃ አውጪ ስለ ቱሳን ሉቨርቱር የጻፈው ቴአትር ጥቁሩ ተዋናይ ፖል ሮብሰን እየተወነበት ታየ። ይኼው ጄምስ ለኢትዮጵያ የሚሟገት ማኅበር አቋቁሞ ለንደንን ሲያናውጥ የከረመ ነው። ጥቁር ዓለም የእኛን ሙግት ሙግቱ አድርጎ በየመድረኩ ይጮህ ነበር።

ዋሽንግተን ሙሶሊኒን ፈራች። እኛስ? ሙሶሊኒ ከሞተ ስንት ዘመኑ! እኛ ማንን ነው የምንፈራው?

እኔ አውቃለሁ ማንን እንደምንፈራ። የምንፈራው አሎይዚ በሚያነበው ወረቀት መካከል ያለውን አንቀጽ ነው። የባርነቱን። ውሸት ቢሆን ኖሮ ይኼኔ መቶ ጊዜ አስነብበን መቶ ጊዜ ስቀንበት ነበር። ውሸት ያልሆነው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው ሰውየውን አፉን የያዝነው።

ጉዱን በየወገኑ እንየው። በጣሊያን እንጀምር፤ ለዚያኛው ማንም አይቀየመኝም። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። የመስቀል ዕለት። ያኔም የባርነት ጉዳይ ተነስቷል፤ እንግሊዝ በዚሁ ምክንያት አንገራግራለች። በመጨረሻ ሁሉም ተስማምተው አስገቧት። ጣሊያንም እጇን አውጥታለች። ያኔ ባርነቱን አታውቀውም ነበር? ከ12 ዓመት በኋላ ነው የበራላት? ዐይኗን በጨው አጥባ መጥታ "እነዚህ ሰዎች ባሪያ ፈንጋይ ናቸው" አለች። ነፃ ሊያወጣ የመጣው ጦር መርዝ ጋዝ ከሰማይ አርከፈከፈ። የመጀመሪያው አዛዡ ጄኔራል ደ ቦኖ በጥቅምት 1928 ትግራይ ላይ ባርነት ቀርቷል ብሎ አወጀ። በጎ ሥራ ነው አይደል? ሚያዝያ 1929 ላይ ያው መንግሥት አንድ ሕግ አወጣ። ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት ይታሰር የሚል። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? መድፈሩ? መግደሉ? አይደለም። ማፍቀሩ! በ1932 ደግሞ ከጣሊያን አባት የተወለደን ክልስ አባቱ ልጄ ነው ብሎ እንዳይቀበለው ከለከሉ። ባሪያ ነፃ አውጪዎቹ እነዚህ ናቸው።

ሩቅ ምን አስኬደኝ? ይኼን የምጽፈው አዲስ አበባ፣ አብነት ሰፈር ተቀምጬ ነው። ከዚህ ትንሽ ራመድ ብላችሁ መርካቶ ናችሁ። ዋናው ገበያ ድሮ አራዳ ነበር፣ ጊዮርጊስ ሥር። ጣሊያን ከተማይቱን ሲያቅድ ለነጭ የሚሆነውንና ለአገሬው የሚሆነውን ሰፈር በመስመር ለየ። ፒያሳን ለራሱ ያዘ። አገሬውን ከነገበያው ወደዚህ ወደ ምዕራብ ገፋው። «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አለው፤ የአገሬው ገበያ። ይኼ በአፍሪካ ትልቁ እያልን የምንኮራበት ገበያ፣ ይኼ ሸራ ተራው፣ ምናለሽ ተራው፣ ጎጃም በረንዳው ሁሉ፣ በአንድ የዘር ፖሊሲ ካርታ ላይ የበቀለ ነው። ከተገፋንበት ቦታ ሀብት አወጣን። አባቶቻችንን አመሰግናለሁ። ግን መርካቶ ቆሞ "የዘር ጉዳይ የአሜሪካኖች ነው፣ እኛን አይመለከተንም" የሚል ሰው እግሩ ሥር ያለውን መሬት አያውቅም።

አሁን ወደ እኛ። እዚህ ላይ ነው ወንበሩ ሲጥ ሲጥ ማለት የሚጀምረው።

ባርነቱ ነበር። ከፋ ነበር፣ ማጂና ጊሚራ ነበር፣ ቤኒ ሻንጉል ነበር። ሰው ከነቤተሰቡ እየተነዳ አገር ባዶ የቀረበት ወረዳ ነበር። ይኼን የሚለው አሎይዚ ብቻ አይደለም፤ የራሳችን ታሪክ ጸሐፊዎችም ይሉታል። የኋላው ጃንሆይ፣ ራስ ተፈሪ፣ በመጋቢት 1916 ባሪያ ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጣበትን ሕግ አወጡ። ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው ግን ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በመካከል 18 ዓመት አለ። ለመንግሥት 18 ዓመት የማሻሻያ ጊዜ ነው። ለተሸጠችው ልጅስ? ለእሷ ዕድሜዋ ነው። ጄኔቭ ላይ የእኛ ወገን መልስ በጥቅሉ "ጀምረናል፣ ጊዜ ስጡን" የሚል ነበር። እንደ ዲፕሎማት መልስ ደህና ነው። እንደ ሰው መልስ ግን? እስቲ ተዋናዩ መድረክ ላይ ይበለውና አዳራሹ ሲሰማው ፊቱን እንየው።

አሎይዚ የዋሸው ባርነት አለ ሲል አይደለም። የዋሸው "ስለዚህ" ሲል ነው። ባርነት አለ፤ ስለዚህ እኔ ልግዛቸው። ቤታቸው ቆሽሿል፤ ስለዚህ ቤቱ የኔ ነው። ይኼን ውሸት መስበር የሚቻለው እውነቱን አምኖ ነው። ሌላ መንገድ የለም። "ባርነት አልነበረም፣ የኛ ባርነት እንደ ቤተሰብ ነበር፣ ባሪያው እኮ ከጌታው ጋር በአንድ ማዕድ ይበላ ነበር" ብለህ ስትጀምር ሰውየውን ራስህ ትረዳዋለህ። ይኼን የማዕድ ወሬ ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? እኔ እስኪያንገሸግሸኝ ሰምቻለሁ። አብሮ ከበላ ለምን ተሸጠ?

አንድ አዘጋጅ አለ፤ ስሙን አልጠራም፤ ደግ ሰው ነው፣ ሙያውንም ያውቃል። እዚሁ ሰፈር ጀበና ቡና ይዘን ይኼንኑ ሐሳብ አጫወትኩት። ቡናውን የከፈለውም እሱ ነው። እስከ መካከሉ ድረስ እያዳመጠ "ጥሩ፣ ጥሩ" ሲል ቆየና ባርነቱ ላይ ስደርስ ሲኒውን አስቀመጠ። "ስማ ወንድሜ፣ ገበናችንን አደባባይ ማውጣት ምን ይረባናል? እኛ እኮ ዘረኝነትን በዓለም መድረክ ያወገዝን ሕዝብ ነን" አለኝ። ይኼን እያለ ቦንዳ የተሸከመ ልጅ "መንገድ! መንገድ!" እያለ አለፈ። በረንዳው ጠባብ ነው፤ ቦንዳው የወዳጄን ትከሻ ገፋ አደረገው፤ ቡናውም ሸሚዙ ላይ ተደፋ። ልጁ ጠቆር ያለ ነው። ከወዳጄ አፍ ምን እንደወጣ ልንገራችሁ? ታውቁታላችሁ። ያችው ናት። ከምዕራብ ለመጣ፣ ለጠቆረ፣ ለሚሸከም ሰው የተቀመጠችው። በአዋጅ የተሻረችው ነገር ስም። ልጁ ዞር ብሎ "ይቅርታ ጋሼ" አለና ሄደ። ወዳጄ ሸሚዙን በሶፍት እየጠረገ "ምን እያልን ነበር?" አለኝ።

ምን እያልን ነበር? ስለዚሁ ነበራ!

ክፉ ሰው ቢሆን አልጽፈውም ነበር። ክፉ አይደለም። ክፉ አለመሆኑ ነው ነገሩን የሚያከብደው። ሁላችንም እንደዚያው ነን። ጃንሆይ በ1956 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ሄደው በተባበሩት መንግሥታት ስለ ቆዳ ቀለም የተናገሩትን፣ ቦብ ማርሌ ዘፈን ያደረገውን፣ ቲሸርት ላይ አትመን እንለብሳለን። ያንኑ ቲሸርት ለብሰን መርካቶ ገብተን ቆዳ የሚያነጣ ቅባት እንገዛለን። ናይጄሪያዊ ወይም ኮንጎአዊ ባየን ቁጥር "አፍሪካዊ ነው መሰለኝ" እንላለን፤ እኛ ከየት ነን ታዲያ? ከማርስ? ልጃችን ሊያገባ ሲነሳ ሽማግሌ ልከን አጥንት እናስቆጥራለን። ሰባት ቤት ድረስ። ምኑን ነው የምንፈልገው እዚያ ሰባት ቤት ውስጥ? ስኳር በሽታ? የምንፈልገውን ሁላችንም እናውቃለን። ከተገኘም ሠርጉ በለሆሳስ ይቀራል። ማንም ምክንያቱን ጮክ ብሎ አይናገርም። ልጅቷ ብቻ ታውቃለች።

ይኼ ነው የምንፈራው አንቀጽ። አሎይዚ በ1927 ሲያነበው ስለ አንድ ሩቅ መንግሥት ያወራ ነበር። ዛሬ መድረክ ላይ ቢያነበው ስለ አዳራሹ ያወራል።

"ጠላት ይደሰትብናል" ይባላል። የትኛው ጠላት? ጣሊያን ለራሷ ከዚያ ዘመን ጋር ያልተፋታች አገር ናት፤ አፊሌ የምትባል ከተማዋ የፋሺስቱን የጦር አዛዥ የግራዚያኒን መታሰቢያ በ2004 ዓ.ም. የሠራችባት። ከኛ ቴአትር የምትለቅመው ነገር የላትም። ጠላት የሚደሰተውስ የራሳችንን ነገር ራሳችን ስንናገር ነው ወይስ ደብቀነው እሱ ሲያወጣብን? በ1927 የሆነው ሁለተኛው አይደለም እንዴ? ቀድመን ጠርገነው ቢሆን አሎይዚ ምን ይዞ ይቀርብ ነበር?

"ጊዜው አይደለም" ደግሞ አለ። ይኼኛውን በቁም ነገር እወስደዋለሁ። ዘር የሚባል ነገር በዚህ አገር ሰው አስገድሏል፣ አፈናቅሏል። በዚህ ላይ ባሪያና ጌታ የሚባል ቁስል መነካካት እሳት ላይ ቤንዚን አይሆንም ወይ? ይገባኛል። ግን አስቡት። በመድረክ ስላላወራነው ነው እንዴ ዝም ያለው? በየታክሲው አለ። በየስልኩ አለ። በየሠርጉ አለ። የሌለው ሥርዓት ባለው ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሌላው የሚናገርበት፣ ዳኛ ያለበት፣ ሲያልቅ መብራት በርቶ ሁሉም በሰላም የሚወጣበት ቦታ። ይኼ ቦታ ቴአትር ቤት ካልሆነ የት ነው? ጊዜው እስኪደርስ የሚባለውስ መቼ ነው የሚደርሰው? ለ1916ቱ ሕግም ሲባል የነበረው ያው ነው። ቀስ በቀስ። ጊዜው ሲደርስ።

አንድ ነገር ላክል፤ እሱ ነው ከሁሉም የሚቆጠቁጠኝ። ጄኔቭ ላይ አሎይዚ ስለ ባሪያው ተናገረ። የእኛም ወገን ስለ ባሪያው መለሰ። የሄይቲው ተወካይ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር፣ ባሪያዎች ራሳቸውን ነፃ አውጥተው የመሠረቱት አገር ሰው፣ ተነስቶ ነገ በየአንዳንዳችን ላይ የኢትዮጵያ ዕጣ ሊደርስ ይችላል እያለ ዓለምን አስጠነቀቀ። ድንቅ ንግግር ነው፤ እሱም መድረኩ ላይ ይግባ። ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ ከማጂ ተነድቶ የተሸጠ አንድ ሰው ነበር? አልነበረም። ከሳሽም አላመጣውም፣ ተከሳሽም አላመጣውም። ሁለት ጌቶች በሌለበት ተሟገቱበት። ስለዚህ ቴአትሩን የሚሠራ ሰው ሦስተኛ ተዋናይ ያስገባ። ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ይቀመጥ። ደራሲዎቻችን ግን አደራ፣ በመጨረሻ ተነስቶ "ሁላችሁንም ይቅር ብያችኋለሁ" የሚል ጣፋጭ ነገር አፉ ላይ እንዳታስቀምጡበት። ይቅርታውን እኛ ጽፈን እኛው እንቀበል? አይሆንም። ሰውየው ይቀመጥ፣ ይስማ፤ ሲናገሩበት እኛ እሱን እንየው። የሚናገረውን ነገር መፈለግ ደግሞ የጥናት ሥራ ነው። ከፋና ማጂ፣ ቤኒ ሻንጉል ሽማግሌዎች አሉ፤ ሄዶ መጠየቅ ነው።

የጃንሆይን ንግግርም አውጡት እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የተደረገው ታላቅ ነገር ነው። አገሩን የተቀማ ሰው፣ ፈረንሳይኛ እያወቀ፣ በገዛ ቋንቋው ዓለምን ከሰሰ። እውነቱን ነበር። መርዙ፣ ክህደቱ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ እከክልኝ ልከክልህ፣ ሁሉም እውነት ነበር። ከተናገሩ በኋላ ምን ሆነ? ማኅበሩ በጣሊያን ላይ የነበረውን ማዕቀብ በዚያው ሰሞን አነሳ። ቀድሞም ነዳጅ ያልነካ ማዕቀብ። ያንን ንግግር የሚያሳንሰው የአሎይዚ ክስ መነበቡ አይደለም። የሚያሳንሰው ያለ ክሱ መቅረቡ ነው። ክሱን ሰምቶ፣ በክሱ ውስጥ ያለውን እውነት ውጦ፣ ከዚያ በኋላ የጃንሆይን ንግግር የሚሰማ ሰው የሚያጨበጭበው በሌላ እጅ ነው። ባርነት የነበረበት አገርም ነፃነት ይገባዋል። መብት ለጻድቅ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም። ይኼን ካልተናገርን ሙሶሊኒን ገና አልረታነውም፤ በሕዝብ ላይ ያዘጋጀውን ፈተና ተቀብለን "እኛ እናልፋለን" ስንለው ነው የኖርነው።

ገንዘብም ሰበብ አይሁን። ይኼ ቴአትር ፈረስ አይፈልግ፣ ቤተ መንግሥት አይፈልግ፣ መድፍ አይፈልግ። ጠረጴዛ፣ ወረቀት፣ ነጠላና አራት ጎበዝ ተዋናይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜም መሀል ከተማ ለግብዣ ካርድ ባለቤቶች አይታይ። ወደዚህ ይምጣ፤ በካርታ ለይተው ወደገፉን ሰፈር። ባለ ሱቁም፣ ደላላውም፣ ቦንዳ ተሸካሚውም በአንድ ረድፍ ይቀመጡ፤ ዳኛም እነሱ ይሁኑ።

እናንተ ደግሞ፣ ይኼን አንብባችሁ በመንገድ ስታገኙኝ እጄን ይዛችሁ "እኔም እኮ እንደዚሁ ነበር የማስበው" የምትሉኝ፣ ለኔ በጆሮዬ አታንሾካሽኩልኝ። እኔ ትኬት አልቆርጥም፣ አዳራሽም የለኝም። ሀገር ፍቅር ሂዱ፣ ብሔራዊ ቴአትር ሂዱ፤ እዚያ ጮክ ብላችሁ ጠይቁ።